ኮሮላዬ በጭስ ምርመራ ወደቀች፤ ካታሊስቱ ይውጣ?

ጥያቄ፦ አዳማ የምኖር መምህርት ነኝ። በአውሮፓ አቆጣጠር የ2004 ስሪት የሆነች ኮሮላ አለችኝ። ሰሞኑን ቦሎ ለማሳደስ ምርመራ ሳስገባት ፍሬንና መብራቷ አልፎ በጭስ ወደቀች። በሰጡኝ ወረቀት ላይ ሞተሩ ከፍ ብሎ ሲዞር ካርቦን ሞኖክሳይድ 2.1 በመቶ፣ ሃይድሮካርቦን 240፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 13.5 በመቶ፣ ኦክስጅን 0.1 በመቶ፣ ላምዳ 0.94 ይላል። እኔ ግን ስትጨስ አይቻት አላውቅም። መካኒኬ «ካታሊስቱ ተደፍኗል፤ አውጥተን ባዶ ቱቦ እንበይድበት፤ የወጣውን የሚገዛ ሰው አለ» ይለኛል። በፈጣን መንገዱ ስሄድ ጉልበቷ ደህና ነው፤ የነዳጅ ፍጆታዋ ግን ጨምሯል። ከሁለት ዓመት በፊት በሙቀት ተቸግራ ተሠርታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንኳን ሞቃ አታውቅም። ምን ይመክሩኛል?

ምላሽ፦ ካታሊስቱን፣ ማለትም በጭስ መውጫው ላይ ተገጥሞ መርዛማውን ጋዝ የሚያጣራውን ዕቃ፣ አያስነኩ። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እናየዋለን፤ ይህን ያስቀደምኩት መካኒኩ ነገ ጠዋት መቁረጫውን ይዞ ከመኪናዎ ሥር ሊገባ ስለሚችል ነው። አንዴ ተቆርጦ ከተሸጠ መልሶ መግዛት ከባድ ነው። ደግሞም የላኩልኝ ወረቀት ካታሊስቱን ጥፋተኛ አያደርገውም። እኔን ያሳሰበኝ በጥያቄዎ መጨረሻ ላይ እንደ መልካም ዜና የነገሩኝ ነገር ነው፤ «ከዚያ ወዲህ እንኳን ሞቃ አታውቅም» ያሉት።

በመጀመሪያ ግን «ስትጨስ አይቻት አላውቅም» ስላሉት ልናገር። ምርመራውን ሁላችንም የጭስ ምርመራ እንለዋለን፤ ቃሉ ግን ያሳስታል። በቤንዚን መኪና ላይ ማሽኑ የሚፈልገው በዓይን የማይታየውን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ሳንባ ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ይይዘዋል፤ የያዘውንም ቶሎ አይለቅም። ኮሮላዎ አሁን ባለችበት ሁኔታ በሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ተነሥታ ብትቆም ሰው ልትገድል ትችላለች። ይህን ለማስፈራራት አይደለም የምጽፈው። እስክትሠራ ድረስ ደጅ አውጥተው ያስነሷት፤ ማርሚታው የተበሳ ቦታ ካለው ደግሞ ልጆችን ከኋላ ወንበር አስተኝተው ረጅም መንገድ አይሂዱ። ቦሎው ሳምንት ቢዘገይ የሚከፈለው ቅጣት ነው፤ ይህ ግን ከቅጣት ጋር የሚተያይ ነገር አይደለም።

የሕጉን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው የአካባቢ ደረጃዎችን ተላልፎ አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል። የልቀት ወሰኑ እንደ መኪናው ዓይነትና የተሠራበት ዘመን ስለሚለያይ፣ ለእርስዎ መኪና የተወሰደው ወሰን ስንት እንደሆነ መርማሪውን ጠይቀው ከውጤቱ አጠገብ ያስጽፉ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ወሰኑን ሳያውቁ «ወደቀች» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ ወደ ጋራዥ መሄድ ነው ገንዘብ የሚያስበላው። ለማነጻጸር ያህል፣ በአውሮፓ ኅብረት በእነሱ አቆጣጠር ከ2002 አጋማሽ ወዲህ የተመዘገበ ካታሊስት ያለው የቤንዚን መኪና ሞተሩ ከፍ ብሎ ሲዞር ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከ0.2 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ላምዳውም ከ0.97 እስከ 1.03 ባለው ውስጥ እንዲሆን ይጠበቃል። ካታሊስት ሳይኖራቸው ለተሠሩት የቀድሞ መኪናዎች ግን ወሰኑ እንደ ዘመናቸው 3.5 ወይም 4.5 በመቶ ነው። ልዩነቱን ልብ ይበሉ። የእርስዎ 2.1 በአሮጌ ባለ ካርቡሬተር መኪና ላይ ቢሆን ጥሩ ውጤት ነው፤ በእርስዎ ኮሮላ ላይ ግን አሥር እጥፍ ነው።

አሁን ወረቀቱን አብረን እናንብበው። አንድ ኪሎ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ላምዳ የሚባለው ቁጥር ሞተሩ ያገኘውን አየር ከዚህ ልክ ጋር የሚያስተያይ ነው። ልክ ሲሆን 1 ይላል፤ ከ1 ሲያንስ ነዳጅ በዝቷል፤ ሲበልጥ አየር በዝቷል። የእርስዎ 0.94 ነው፤ ሞተሩ ከሚያስፈልገው አየር 6 በመቶ ያህል ጎድሎበታል ማለት ነው። አየር ያነሰው ቤንዚን በደንብ ሳይቃጠል ይቀርና ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆን ሲገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይወጣል። የነዳጅ ፍጆታዎ የጨመረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሁለት ችግር የመሰለዎት አንድ ችግር ነው።

ካታሊስቱ ምን ይሠራል? ቆርቆሮው ሲከፈት ውስጡ የማር እንጀራ የመሰለ ሴራሚክ ነው፤ በእያንዳንዷ ቀዳዳ ግድግዳ ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብተዋል። ሲግል ካርቦን ሞኖክሳይዱን ከኦክስጅን ጋር አጣምሮ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ኦክስጅን ከሌለ ግን ከምን ጋር ያጣምረው? በወረቀትዎ ላይ የቀረው ኦክስጅን 0.1 በመቶ ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ለእኔ ብዙ ይናገራል። ካታሊስቱ እጁ የገባችውን ኦክስጅን ሁሉ አሟጦ ተጠቅሞባታል፤ ከዚያ በላይ እንዲሠራ የሚያስፈልገውን አላገኘም። የሞተ ካታሊስት ቢሆን ካርቦን ሞኖክሳይዱም ኦክስጅኑም አብረው ከፍ ብለው በታዩ ነበር። ተደፍኗል የሚለውን ደግሞ እርስዎ ራስዎ መልሰውታል። የተደፈነ ካታሊስት ሞተሩን ያንቀዋል፤ ነዳጅ ሲረግጡ መኪናዋ ትለግማለች፣ ዳገት ያቅታታል። በፈጣን መንገዱ ላይ ጉልበቷ ደህና ከሆነ የጭስ መውጫዋ ክፍት ነው።

ቢወጣስ? ካርቦን ሞኖክሳይዱ በ2.1 ላይ ይቆያል ወይም ይብስበታል፤ ነዳጁን የሚያበዛው ምክንያት አልተነካምና። በኋላ ድብልቁ ቢስተካከል እንኳ፣ ካታሊስት የሌለው ጤነኛ ሞተር ግማሽ በመቶና ከዚያ በላይ ስለሚያወጣ ካታሊስት ላላቸው መኪናዎች የተቀመጠውን ወሰን ማለፍ አይችልም። ከካታሊስቱ በኋላ ያለውን ኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካውን) በቁራጭ ብረት ከቱቦው አርቀው የማስጠንቀቂያ መብራቱን የሚያጠፉ አሉ። የመኪናዋ ኮምፒውተር ይታለል ይሆናል፤ በማርሚታው ጫፍ የሚገባው የመመርመሪያው ቱቦ ግን አይታለልም። «የሚገዛ ሰው አለ» የተባለው ደግሞ እውነት ነው፤ የሚገዛው ግን ለእነዚያ ለሦስቱ ውድ ብረቶች ነው። መኪናዎ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ በክብደቱ ልክ ሲታይ ውዱ እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ለዚህም ነው ተፈላጊነቱ የበዛው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ አሁን በእጃችን ያሉት መኪናዎች ገና ለብዙ ዓመታት የሚያገለግሉን ናቸው። ከእነሱ ላይ ዕቃ እየፈታን የምንጥልበት ዘመን አይደለም።

እንግዲህ ነዳጁን ያበዛው ማነው? ወደ ሁለት ዓመት በፊቱ ጥገና እንመለስ።

አዳማ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ታሪክ ደጋግሞ አይቶታል። በሚያዝያ ሐሩር አንዲት መኪና ሙቀቷ እየወጣ ትመጣለች። ባለቤቱ ይቸኩላል። የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ይፈታል፤ ቤቱ ባዶውን መልሶ ይታሰራል፤ መኪናዋም ከዚያ በኋላ አትሞቅም። ባለቤቱ አመስግኖ ይሄዳል። «ለኛ አገር ሙቀት ቴርሞስታት አያስፈልግም» የሚለው አባባል ከአንዱ ጋራዥ ወደ ሌላው እየተላለፈ እንደ እውቀት ተቆጥሯል። ስሕተት ነው፤ ብዙ ሞተር ያስበላ ስሕተት።

ቴርሞስታት የእጅ መዳፍ ላይ የምታርፍ ትንሽ ዕቃ ናት፤ መሐሏ ላይ ሰም የታሸገበት ጉብታ፣ ዙሪያዋን ስፕሪንግ አላት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ዘግታ ውኃው ሞተሩ ውስጥ ብቻ እንዲዞር ታደርጋለች። በብዙ ቶዮታዎች ሙቀቱ 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሰሙ ያብጥና በሯን ይገፋዋል። እሷ ከሌለች ውኃው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ራዲያተር ውስጥ ይዞራል፤ ሞተሩም የሚገባው ሙቀት ላይ አይደርስም፤ በተለይ በፈጣን መንገድ ነፋሱ ራዲያተሩን ሲመታው። የሙቀት ሴንሰሩ «ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ለኮምፒውተሩ ይናገራል። ኮምፒውተሩም የታዘዘውን ይፈጽማል፤ ልክ እንደ ንጋት ብርድ ነዳጅ ይጨምራል። ያንን ነው ወረቀትዎ 0.94 ብሎ የጻፈው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጡረታ የወጡ አባት ከወንጂ ኮሮላቸውን ይዘው መጡ። ሦስት ጊዜ በጭስ ወድቃለች። ካንዴላ ተለውጧል፣ ኦክስጅን ሴንሰር ተገዝቷል፣ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ታጥቧል፤ ደረሰኞቹን በላስቲክ ከረጢት አጥፈው ይዘዋቸዋል። ጠዋት ሞተሩ በረዶ እንደሆነ አስነሣሁና እጄን ራዲያተሩ ላይ አደረግሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ለብ ማለት ጀመረ። ጤነኛ መኪና ላይ በዚያ ሰዓት ራዲያተሩ እንዳደረ ቀዝቃዛ መሆን ነበረበት። ሞተሩን አጥፍቼ ውኃውን አወረድኩ፤ የቴርሞስታቱን ቤት የያዙትን ሁለቱን ማሰሪያዎች ፈታሁ። ክዳኑ ሲነሣ ቦታው ባዶ ነው። ቴርሞስታቱ የሚያርፍበት ክብ ጠርዝ ላይ ነጭ የኖራ ቅርፊት ብቻ ተጋግሮበታል። አባትየው አጎንብሰው ለረጅም ጊዜ ያንን ባዶ ቀዳዳ አዩት።

አዲሱን ከመግጠሜ በፊት ፊታቸው ሞከርኩት። ክር ወስጄ በሩ ላይ አስነከስኩት፤ በክሩ አንጠልጥዬ ቡታጋዝ ላይ በተጣደ የድስት ውኃ ውስጥ አስገባሁት፤ ቴርሞሜትርም ከጎኑ አደረግሁ። ጥርሱን እንደነከሰ ልጅ ክሩን ይዞ ቆየ። 82 አልፎ 83 ላይ ሲደርስ ክሩን ለቀቀና ድስቱ ታች ወደቀ። ይህን ሙከራ ማንም ቤቱ ሊያደርገው ይችላል። አዳማ ላይ ውኃ የሚፈላው በ94 እና በ95 ዲግሪ መካከል ስለሆነ ውኃው ሲንተከተክ በሩ ከሞላ ጎደል ተበርግዶ መታየት አለበት። ያቺ መኪና ቴርሞስታቷ ተመልሶላት፣ ዘይቷ ተቀይሮላት በሳምንቷ ስትመረመር ካርቦን ሞኖክሳይዷ 0.1 ነበር። አዲሱ ካንዴላም ሆነ አዲሱ ሴንሰር ጥፋት አልነበረባቸውም፤ የወጣው ገንዘብ ግን አልተመለሰም።

እርስዎም ነገ ጠዋት ይህን ያድርጉ። ሞተሩ ሙሉ ሌሊት ካረፈ በኋላ ያስነሷትና የራዲያተሩን አካል በእጅዎ ይከታተሉ፤ ማራገቢያው ድንገት ሊነሣ ስለሚችል እጅዎንም ነጠላዎንም ከእሱ ያርቁ። የራዲያተሩ ክዳን ግን ሞተሩ ሞቆ ሳለ ፈጽሞ አይከፈት። ራዲያተሩ ለብዙ ደቂቃ ቀዝቅዞ ቆይቶ በኋላ በድንገት የሚግል ከሆነ ቴርሞስታት አለ፤ ከመጀመሪያው እየለበበ የሚሄድ ከሆነ የለም ወይም ተከፍቶ ቀርቷል። ሁለተኛው ምልክት የሙቀት ጠቋሚው ቀስት ነው። ወደ ሞጆ በፈጣን መንገዱ ሲሄዱ ከመካከል ወርዶ ከተማ ሲገቡ መልሶ ከፍ የሚል ከሆነ ጥርጣሬዬ ትክክል ነው።

ቴርሞስታቱ ሲመለስ ግን ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው ሙቀት ሊመለስ ይችላል። ይህን አስቀድመው ይወቁት፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ እንደገና ያስወጣዋል። ያኔ በሽታው አልዳነም፤ ተሸፈነ እንጂ። ስለዚህ አብረው የሚታዩ አሉ። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ አለበት፤ ግፊቱ ነው ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው፤ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን በአዳማ ከፍታ ላይ የበለጠ ይጎዳል፤ ውኃ እዚህ ከባሕር ጠለል ይልቅ ቀድሞ ይፈላልና። ማራገቢያው በሰዓቱ መነሣቱ፣ ራዲያተሩ በኖራ አለመዘጋቱ፣ የውኃ ፓምፑ አለማንጠባጠቡም ይታያል። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው አሁንም ከሞቀች የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ይጠረጠራል። ውኃውን በተመለከተ፣ የቧንቧ ውኃ ብቻ እየሞሉ መንዳት ይተው። ለመኪና የተሠራውን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ቀላቅለው ይሙሉ፤ የሚፈላበትን ነጥብ ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትና ኖራንም ይከላከላል።

ዘይቱም አይዘንጋ፤ ይህንን ብዙ ባለሙያ ይዘለዋል። ሁለት ዓመት ቀዝቅዞ የሠራ ሞተር ያልተቃጠለ ቤንዚን በፒስተኑ ጎን ወደ ዘይቱ ያወርዳል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ያሽትቱት፤ ቤንዚን ቤንዚን የሚል ከሆነ ዘይቱ ቀጥኗል፤ ሞተሩንም እየበላው ነው። በዚያ ላይ ከዘይቱ የሚተነው ቤንዚን በመተንፈሻው ቱቦ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ስለሚገባ ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከፍ እንዳለ ሊቀር ይችላል። ቴርሞስታቱ በተገጠመ ማግስት ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ይቀይሩ፤ ቀይረው ይመርመሩ።

ቴርሞስታቱ ቦታው ላይ ሆኖ ካገኙትስ? ያኔ ተጠርጣሪዎቹ በዚህ ተራ ይታዩ። በመጀመሪያ የአየር ፊልትሮ። የከተማችን ነፋስ በኮረብቶቹ ላይ ለሚዞሩት ተርባይኖች ሲሳይ ነው፤ ለፊልትሮ ግን ዱቄት የመሰለ አቧራ ይዞ ይመጣል። በወራት ውስጥ ግራጫ ሆኖ የተሸፈነ ፊልትሮ አውጥቼ አውቃለሁ፤ ርካሽ ስለሆነ ማራገፍን ትተው ይቀይሩት። ቀጥሎ የሙቀት ሴንሰሩ፤ ራሱ ሴንሰሩ ተሳስቶ ሞቃቱን ቀዝቃዛ ይል ይሆናል። ከዚያ የፊተኛው ኦክስጅን ሴንሰር፣ በመጨረሻም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር። እግረ መንገዴን፣ ነዳጅ ሲጠፋ መንገድ ዳር በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን ቤንዚን ከሞሉ ይንገሩኝ። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን በደንብ አይቃጠልም፤ እሱ ታንከር ውስጥ እያለ የሚደረግ ምርመራ ስለ ሞተሩ እውነቱን አይነግረንም።

ሌሎች አንባቢያንም የራሳቸውን ወረቀት ይዘው ይሆናልና ጥቂት ልጨምር። ሃይድሮካርቦኑ ብቻውን ከፍ ብሎ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ዝቅ ካለ፣ አንዱ ሲሊንደር እሳት እየሳተ ነው፤ ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድ ወይም ኮይል ይታይ፤ ቫልቮላ የማይገጥምም ሊሆን ይችላል። ኦክስጅኑና ላምዳው ከፍ ብለው ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ ብዙ ጊዜ ማርሚታው ተበስቶ አየር እየገባበት ነው፤ ሞተሩን ከመንካት በፊት ቀዳዳው ይበየድ። በዓይን የሚታይ ጭስ ካለ ደግሞ ሰማያዊው ዘይት ነው፤ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቮላው ጎሚኒ አርጅቷል። ጥቁሩ የበዛ ነዳጅ ነው። ጠዋት ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ የሚታየው ነጭ እንፋሎት ግን አያስጨንቅዎት፤ ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ነው የሚያሠጋው፤ ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው። ባለ ካርቡሬተር ዲኤክስ ያላችሁ፣ ማስተካከያው በምትነዱበት ከፍታ ላይ ይሠራ። አዳማ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር አሰላ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጅ ያበዛል።

የምርመራው ቀን ሲደርስ መኪናዋ የእውነት ሞቃ ትግባ። አዳማ ሞቃት ስለሆነች ከቤት እስከ ምርመራው ያለው አጭር መንገድ ይበቃል ብለው አይሳሳቱ። ካታሊስት ሥራውን የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ ይህ ደግሞ ከፀሐይ የሚገኝ ሙቀት አይደለም። ሃያ ደቂቃ ያህል በጥሩ ፍጥነት ይንዷት። ወረፋ ላይ ረጅም ጊዜ ሳትረገጥ ባለችበት ከቆየች ካታሊስቱ መልሶ ይቀዘቅዛል፤ ተራዎ ሊደርስ ሲል ሞተሩን በደቂቃ 2,500 ዙር ገደማ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይያዙት። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚቆጥሩ ሰዎች ገጥመውኛል። ማጭበርበር አይደለም፤ ምርመራው ራሱ የታሰበው ለሞቀ ሞተር ነው። ማጭበርበር የሚባለው ለምርመራ ቀን ብቻ ካርቡሬተሩን አጥብቆ ማግስቱን መፍታት፣ ካታሊስት ተከራይቶ አስገብቶ ማውጣት፣ ወይም መኪናዋ ሳትቀርብ ወረቀቷ ብቻ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ያንን ያደረገ ሰው ያታለለው መርማሪውን ብቻ አይደለም፤ መኪናው ባለፈች ቁጥር ከኋላዋ የሚቆመውን ባጃጅ ነጂና መንገድ ዳር ተቀምጦ ጫማ የሚጠርገውን ልጅ ነው።

የናፍጣ ነገር ሌላ ሰፊ ርእስ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም፤ አንድ ነገር ብቻ። በናፍጣ መኪና ላይ የሚለካው የጭሱ ጥቁረት ነው፤ ነዳጁ ድንገት እስከ መጨረሻው ተረግጦ ብርሃን በጭሱ ውስጥ ምን ያህል እንደሚያልፍ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 የናፍጣ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ አረጋግጦ መድቦታል። በጅቡቲ መንገድ ላይ የሚውሉ አሽከርካሪዎችም ሆኑ አይሱዙ ያላቸው ነጋዴዎች፣ ጉልበት እንዲጨምር ተብሎ የነዳጅ ፖምፓው ማኅተም ተሰብሮ ከሆነ ወደ ልኩ ያስመልሱት፤ ኖዝሉንም በመፈተሻ ያስለኩ። ታይሚንግ ቺንጋው ያረጀ ሞተር በዚያ ሁኔታ ሲረገጥ ሊበጠስ ስለሚችል ከምርመራው በፊት ይታይ።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ቴርሞስታቱ ከተመለሰ፣ ዘይቱና የአየር ፊልትሮው ከተለወጡ በኋላ አንድ ሳምንት ይንዷትና ለማየት ብቻ ያስለኩ። ላምዳው ወደ 1 ተመልሶ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከወረደ ቦሎዎን ያሳድሱ። ላምዳው 1 ሆኖ ካርቦን ሞኖክሳይዱና ኦክስጅኑ አብረው ከፍ እንዳሉ ከቀሩ ግን፣ ሁለት ዓመት በነዳጅ የተጠመቀው ካታሊስት በእርግጥ ተጎድቶ ይሆናል። ያን ጊዜ ሲቀዘቅዝ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለው ያስንኳኩት፤ ውስጡ የተሰበረ ሴራሚክ እንደ ጠጠር ያንኮሻኩሻል። ያኔም ቢሆን መፍትሔው ሌላ ካታሊስት መተካት ነው፤ ባዶ ቱቦ አይደለም። መካኒክዎን ደግሞ እንደ ጠላት አይዩት፤ ይህን ጽሑፍ ያንብቡለትና የቴርሞስታቱን ቤት አብራችሁ ክፈቱት። አዲሱን ወረቀት ሲያገኙ አምስቱንም ቁጥር ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ፤ ክዳኑ ሲከፈት ያገኙትንም ጭምር።